ስምንት ኪሎ ሜትር ብዬህ ነበር

ሐደራ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለምናለ፤

እንደምን ከርመሃል? እናትህ እምዬስ እንደምን ናት? ጉልበቷ ተሻላት ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ገብቷል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

መልስህ በሁለት ቀን መድረሱ ገረመኝ። ልጄ ሊኢል "እማ፣ የምናለ ወረቀት መጣልሽ" ብላ ስልኳን ስታሳየኝ ዕቃ እያጠብኩ ነበር፤ እጄን እንኳ ሳላደርቅ ነው ያነበብኩት። ይህንንም ጽፌ ስጨርስ እርሷው ፎቶ አንስታ፣ አትመው እንዲሰጡህ እዚያ ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ትልክልሃለች። አማርኛ ማንበብ ስለማትችል "ይህን ሁሉ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?" እያለች ትስቅብኛለች። በስልክ እንዳላወራህ ጆሮዬን ታውቀዋለህ። ሃያ ስምንት ዓመት ማሽን ሥር ቆሜ ደንዝዟል፤ ግማሹን አልሰማም፣ ያልሰማሁትን ሁሉ ደግሞ "እሺ" እላለሁ። በጽሑፍ ይሻለናል።

"በዚህ ዕድሜዎ ሩጫ ማን አሳሰብዎ?" ላልከኝ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ መኽበሳ የምንለው የልብስ ማጠቢያ ፋብሪካችን ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ኦፈር ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጠፈ። መጋቢት አንድ፣ ዓርብ ቀን፣ በከተማችን ሩጫ ስላለ የፈለገ ስሙን ይጻፍ ይላል። በዕረፍት ሰዓት እኔ፣ ሮኒትና ኮኮቤ ሻያችንን ይዘን ስናነብ የቢሮዋ ልጅ ሄን መጣች። ክፉ ልጅ አይደለችም። "የእናንተ ከታች ያለው ነው፣ የሦስት ኪሎ ሜትር የእግር ጉዞ" አለችን በጣቷ እያሳየች። ሮኒት በክር የታሰረውን እስክርቢቶ ስባ ከሃያ አንዱ ኪሎ ሜትር ሥር ስሟን ጻፈች። ቀጥላ የእኔን ጻፈች። ኮኮቤ "ኧረ ተይ አንቺ ልጅ!" እያለች፣ እየሳቀች፣ የራሷን ራሷ ጻፈች።

ሮኒትን አታውቃትም። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በሕፃንነቷ ከአገር ቤት ስለመጣች አማርኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም፣ አትጽፍም። እኔና እርሷ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ማሽን ላይ ነን። የሆቴሉንና የሆስፒታሉን አንሶላ እርሷ በግራ እኔ በቀኝ ይዘን ወደ መተኮሻው እናስገባለን። ኮኮቤ የእኔ እኩያ ናት፣ የቆሸሸው ልብስ የሚለይበት ክፍል ነው የምትሠራው።

ሐኪም ዘንድ ይሂዱ ላልከኝ ሄጃለሁ፣ ልብሽ ደህና ነው ብሎኛል። አሁን ስንት ይሮጣሉ ላልከኝ፣ ስምንት ኪሎ ሜትር ሳላቆም እሮጣለሁ። ፕሮግራሙን ከዚያ ጀምረህ ጻፍልኝ፤ እዚህ ግን ዳገት የለንም። ጓደኞቼም በዚሁ ይሂዱ ወይ?

ስለ ሩጫ ክለብህ አንድ መስመር አልጻፍክልኝም። ጠዋት ጠዋት ትወጣላችሁ? ዘንድሮ ለውድድር አዲስ አበባ ትወርዳለህ?

አክስትህ ጥሩአለም


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

ውድ አክስቴ እትዬ ጥሩአለም፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እምዬ ጉልበቷ ትንሽ ቀለል ብሏታል፤ "ጥሩአለም ልትሮጥ ነው" ብዬ ስነግራት "ማን ያባርራታል?" አለችኝ።

ስምንት ኪሎ ሜትር በማለትዎ ደስ ብሎኛል። እውነቱን ለመናገር ከሦስት በላይ ይሉኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ለአሥር ሳምንት ከስምንት መነሣት ይቻላል፤ ከዚያ በታች ቢሆን ኖሮ ይቅርብዎ ባልኩ ነበር። ፕሮግራሙን በሌላኛው ወረቀት ላይ በሠንጠረዥ ሠርቼዋለሁ። አናቱ ላይ "ስምንት ኪሎ ሜትር ሳያቋርጥ ለሚሮጥ ሰው" ብዬ ጽፌበታለሁ። በሳምንት አራት ቀን ነው። ቅዳሜ ሰንበትዎ ስለሆነ ረጅሙን ዓርብ ጠዋት አድርጌዋለሁ። ዳገት የለንም ላሉኝ፣ ድልድይ ይፈልጉ። ድልድይም ዳገት ነው፣ አጭር ዳገት።

ጓደኞቼም በዚሁ ይሂዱ ወይ ላሉኝ ግን አይሆንም። ይህ በእርስዎ ልክ የተሰፋ ነው። እነርሱ ብቻቸውን ስንት እንደሚችሉ ይጠይቁና ይላኩልኝ፣ ለየራሳቸው እሠራላቸዋለሁ፤ ሥራ አይበዛብኝም።

በየሳምንቱ የሮጡትን፣ የፈጀብዎን ጊዜና ጠዋት ሲነሡ የሚያምዎትን ቦታ ይጻፉልኝ። ሯጭ ለአሰልጣኙ ለሐኪም እንደሚነገረው ነው የሚነግረው።

ክለቡ ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት እንወጣለን። ብርዱ ከባድ ነው።

አክባሪዎ ምናለ


ሐደራ፣ ጥር 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ምናለ ልጄ፣

ስላዘገየሁብህ ይቅር በለኝ። ዛሬ እጽፋለሁ ነገ እጽፋለሁ ስል ሁለት ሳምንት ሄደ። ለእምዬ በጎረቤታችን በሃይም እጅ የላክሁላት የጉልበት ቅባት ደርሷት እንደሆን ንገረኝ።

የፈለግኸው ቁጥር ይኸውልህ። በመጀመሪያው ሳምንት ረጅሙ አሥር ኪሎ ሜትር፣ በሁለተኛው አሥራ ሁለት። የአዘቦቱ ስድስት ስድስት። አሥሩ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። የሚያመኝ ነገር የለም።

የት ነው የምትሮጡት ላልከኝ፣ ከሥራ ስንወጣ ከኢንዱስትሪው ሰፈር አውቶቡስ ይዘን ወንዙ ዳር እንወርዳለን። መንገዱ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው። ኮኮቤ በልጅነቷ ጭራሮ ስትለቅም ስላደገች "ይኼ ዛፍ እዚህም ተከትሎኝ መጣ?" እያለች ትረግመዋለች። እርሷ መንገዱን ሙሉ ታወራለች፤ ስትሮጥ ታወራለች፣ ስትቆምም ታወራለች።

ሮኒትን ግን ብታያት! ፕሮግራሙን በቃሌ ተርጉሜላት፣ እርሷ በዕብራይስጥ ጽፋ ፍሪጅዋ ላይ ለጥፋዋለች። የሠራችውን ቀን በቀይ ትሰርዛለች። ለሮኒት የተጻፈ ነገር ሁሉ ሕግ ነው። ባለፈው ዶፍ ሲወርድ "ዛሬ ይቅር" ብንላት "እዚህ ላይ 'ዝናብ ከዘነበ' የሚል የለም" ብላ ላስቲክ ለብሳ ወጣች።

ደግሞ ሃይም ምን አለኝ መሰለህ? "ምናለን መንገድ ላይ አገኘሁት፣ ሱሪው ሲሚንቶ በሲሚንቶ ነበር" አለኝ። ሯጭ ከሲሚንቶ ጋር ምን አገናኘው?

አክስትህ ጥሩአለም


ጎንደር፣ ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ውድ አክስቴ፣

እንኳን ደህና ሰነበቱ። ቅባቱ ደርሷል፣ እምዬ እየመረቀችዎት ነው። ከተማው በጥምቀት እንግዳ ተጨናንቆ ስለነበር ደብዳቤዎን ዛሬ ነው ያወጣሁት።

በቅድሚያ አንድ ነገር ልበልዎትና እንዳይቀየሙኝ። ቁጥሮችዎ በጣም ንጹሕ ናቸው። አሥር ባልኩት ቀን አሥር፣ አሥራ ሁለት ባልኩት ቀን አሥራ ሁለት። እኔ የማውቀው ሩጫ እንዲህ አይደለም። አንድ ቀን ሆድ ይቆርጣል፣ አንድ ቀን እንቅልፍ ያንሳል፣ አንድ ቀን ሰው ያለ ምክንያት ሰባት ላይ ይቆማል። ያቆሙበት ቀን ካለ ይጻፉልኝ፤ አልቆጣም። ለእኔ ከአሥራ ሁለቱ ይልቅ የቆሙበት ቀን ነው የሚጠቅመኝ።

ሮኒት ፍሪጅ ላይ የለጠፈችው የእርስዎን ነው? እርሷም ስምንት ትሮጥ ነበር ማለት ነው? አብራችሁ ስለምትሮጡ እንደዚያ ገምቻለሁ፤ ቢሆንም ይንገሩኝ።

ሲሚንቶውን በተመለከተ፣ ለጎረቤት ግንብ እያገዝኩ ነበር።

አክባሪዎ ምናለ


ሐደራ፣ የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ምናለ፣

ለምን ጠፋች ብለህ ይሆናል፤ ተቀይሜ አይደለም። አንተን ምን ብዬ እቀየማለሁ? ሥራ በዝቶ ነው። አንዱ ማሽን ተበላሽቶ ቀኑን ሙሉ አንሶላ በእጅ ስናጥፍ ሰነበትን።

ሮኒት ደህና ናት። ኮኮቤም ደህና ናት። እኔም አሥራ አራት ደርሻለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ለማወቅ ያህል ብቻ ነው። አንድ ሰው ቅልጥሙን ከፊት በኩል ቢያመው፣ ቦታው በጣት ሲነካ ቢጠዘጥዝ፣ ተኝቶም ባይተወው፣ ምን ማለት ነው? በቅባት ይለቃል?

ጥሩአለም


ጎንደር፣ የካቲት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሰላምታውን ይለፉኝ። ያ ሰው ማንም ይሁን ዛሬውኑ ያቁም። በቅባት አይለቅም። ነገ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ራጅ ይነሣ፤ አጥንት ሊሆን ይችላል። እየሮጠበት ከቀጠለ ይሰበራል።

እርስዎ ነዎት ወይስ ሮኒት? የማንን ፕሮግራም ነው የተከተለችው?

ምናለ


ሐደራ፣ የካቲት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ምናለ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ሮኒት ናት። ወረቀትህ በደረሰኝ ማግስት ሐኪም ቤት አብሬያት ሄድኩ። የቅልጥሟ አጥንት ተሰንጥቋል። እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ጠንካራ የሐኪም ቦት አጥልቀውላት ስምንት ሳምንት እንዳትሮጥ አዘዟት። ሐኪሙ ፕሮግራሙን በስልኳ ላይ አይቶ "ይህን ማን ሰጠሽ? ሮጦ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይሰጣል?" አላት። ሮኒት ምን ብላ መለሰች? "የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው፣ የእውነት ሯጭ ነው። ጥፋቱ የእግሬ ነው።" እኔ አጠገቧ ወንበር ላይ ነበርኩ። ቦርሳዋን ይዤላት።

ስምንት ኪሎ ሜትር ብዬህ ነበር። ውሸት ነው። ያን ደብዳቤ በጻፍኩ ቀን ሦስታችንም ሮጠን አናውቅም፣ አውቶቡስ እንዳያመልጠን ካልሆነ በቀር። አናቱ ላይ "ስምንት ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው" ያልከውን መስመር ለሮኒት ስተረጉምላት ዘለልኩት። እርሷ ከዜሮ መነሣታችንን አንተ የምታውቅ መስሏት ነው በአንተ ሙሉ እምነት የጣለችው።

እኔስ? አሥር አልሮጥኩም፣ አሥራ ሁለትም አልሮጥኩም። ከስድስት አልፌ አላውቅም። ሮኒት ወደፊት ስትሄድ እኔና ኮኮቤ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃታለን። ለአንተ የላክሁልህ የእርሷን ቁጥር ነው። ንጹሕ የሆነው ለዚህ ነው፤ የእርሷ እንደዚያ ነው፣ ያዘዝከውን አንድም ሳታጎድል ሠርታዋለች።

ለምን ብትለኝ፣ ሄን በጣቷ የእግር ጉዞውን አሳየችን። ለአንተ "ምንም አልሮጥም" ብልህ "ይቅርብዎ" ትለኝ ነበር፣ ራስህም ጽፈኸዋል። በአንድ ሳምንት ከሁለት ሰው "ይቅርብሽ" መስማት አልቻልኩም። ኋላ እውነት አደርገዋለሁ ብዬ ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን ቁጥሩ ከእኔ እየራቀ ሄደ።

ለሮኒት አልነገርኳትም። ኮኮቤም አታውቅም። ሩጫው አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ምን ላድርግ?

ጥሩአለም


ጎንደር፣ የካቲት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ውድ አክስቴ እትዬ ጥሩአለም፣

ደብዳቤዎን ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ተናድጃለሁ፣ አልዋሽዎትም። ወደ ቤት ስሄድ በመንገድ ላይ ለእርስዎ የምጽፈውን ክፉ ቃል ሁሉ ሳሰላስል ነበር። ቤት ደርሼ እስክርቢቶ ሳነሣ ግን አንዱንም አልጻፍኩትም። ምክንያቱን ልንገርዎ።

እኔም ክለብ ውስጥ የለሁም። ካለፈው ሰኔ ጀምሮ የለሁም። የቀኝ ተረከዜ ጅማት ታመመ፤ ሁለት ወር ታገሡኝና ከዚያ በሌላ ልጅ ተኩኝ። አልፈርድባቸውም። "ጠዋት ጠዋት እንወጣለን" ያልኩዎት፣ እነርሱ ይወጣሉ። እኔ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ነው የምሠራው። በአጥሩ ሥር ሲያልፉ አያቸዋለሁ። የጎረቤት ግንብ የሚባል ነገር የለም። እምዬም አታውቅም። የክለቡን ቱታ ለብሼ ከቤት እወጣና እዚያ ደርሼ እቀይራለሁ፤ ማታ መልሼ ለብሼው እገባለሁ።

የመጀመሪያው ደብዳቤዎ ሲመጣ "አሠልጥነኝ" ይላል። ለስድስት ወር ያን ቃል ከማንም አልሰማሁም ነበር። ስለዚህ ቁጥሮቹ ሲያጠራጥሩኝም አጥብቄ አልጠየቅሁም። አጥብቄ ብጠይቅ እርስዎም አጥብቀው ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ።

አሁን የጠየቁኝን ልመልስ። ለሮኒት ይንገሯት፤ ከሩጫው በፊት ይሁን። ሮጠው ደስ ብሎዎት ከመጡ በኋላ አፍዎ ይከብዳል።

እንደ አሰልጣኝ ከጠየቁኝ አይሩጡ እላለሁ። "ግድ የለም፣ እሮጣለሁ" ካሉኝ ግን አራት ደቂቃ ሮጠው አንድ ደቂቃ ይራመዱ። ይህንንም ሲደክምዎ ሳይሆን ከመጀመሪያዋ ኪሎ ሜትር ይጀምሩ፤ ሰው ሁሉ ጥሎዎት ሲሄድ ይሂድ። ደረትዎን ከያዘዎ ወይም ካዞረዎ እዚያው ይቀመጡ። ኮኮቤ የምታወራ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እያወራ የሚሮጥ ሰው ከዐቅሙ በላይ አይሮጥም። ዝም ካለች ያን ጊዜ ይስጉ።

ምናለ


ሐደራ፣ መጋቢት 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ምናለ ልጄ፣

በሕይወት አለሁ። ደረጃ መውረድ ግን አልችልም፤ እንደ ሕፃን በቂጤ ነው የምወርደው። ሊኢል ይህን አይታ ስትስቅ ዋለች።

ነገርሻት ወይ ብለህ መጠየቅህ አይቀርም። ነገርኳት። ሐሙስ ከሥራ በቀጥታ ነቬ ሐይም ሰፈር ያለው ቤቷ ሄድኩ። እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ምስር ትለቅማለች። "ለነገ ልትሰናበቺኝ መጣሽ?" አለችኝ። ቆሜ ነገርኳት፣ ስምንቱን ኪሎ ሜትር፣ የዘለልኩትን መስመር፣ የላክሁትን ቁጥር። ስጨርስ ተነሥታ እያነከሰች ፍሪጁ ጋ ሄደች፣ ወረቀቱን ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እስክርቢቶ ሰጠችኝ።

"የጎደለውን መስመር ጻፊበት" አለችኝ።

በዚያ በተንጋደደ ዕብራይስጤ አናቱ ላይ ጻፍኩት። አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው መሰለኝ።

"ይህን አይቼ ቢሆን ኖሮ ቀስ እል ነበር" አለች።

"አውቃለሁ።"

"አሁን ሂጂ፣ ጥሩዬ።"

ሄድኩ። እንዲያ ሆኜ ነው የተኛሁት።

ጠዋት ኮኮቤ መነሻው ላይ ሳንድዊች ይዛ ጠበቀችኝ። ለእርሷም ነገርኳት። "ለዚህ ነው እንግዲህ አግዳሚው ላይ እያለን ትተክዢ የነበረው?" አለችኝ። ያልከኝን አደረግን። አራት ደቂቃ ሮጠን አንድ ስንራመድ ገና በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ሰው ሁሉ አልፎን ሄደ፤ ኦፈርም አለፈን፣ ሄንም እጇን እያወዛወዘች አለፈችን። እኛ ኋላ ቀርተን ኮኮቤ ስለ ልጇ አማት ታወራኛለች።

በአሥራ ሦስተኛው ላይ፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫው ጭስ ማውጫ በሚታይበት ባሕሩ ዳር፣ ኮኮቤ ዝም አለች። ቃልህ ትዝ አለኝና አስቀመጥኳት። ከልቧ አልነበረም፤ እግሯ ውኃ ቋጥሮ ኖሯል። ካልሲዋን ገልብጣ ስታደርግ የመጨረሻ ሰው የሚለቅመው መኪና ደረሰብን። ሹፌሩ "ግቡ እናቶቼ፣ መንገዱ ሊከፈት ነው" አለን። ኮኮቤ ቀና ብላ "አንተ ሂድ፣ እኛ መንገዱን እናውቀዋለን፣ እዚህ ነው የምንኖረው" አለችው። ከዚያ ወዲያ በእግረኛ መንገድ ላይ ነው የሄድነው፤ መብራት ሲይዘን እየቆምን፣ ግማሹን በሩጫ ግማሹን በእርምጃ።

ስንደርስ ሰዓቱን አጥፍተውታል። ሁለት ሠራተኞች የብረት አጥሩን መኪና ላይ እየጫኑ ነበር። አንደኛው ከካርቶን ሜዳሊያ አውጥቶ "ስንት ናችሁ?" አለን። ኮኮቤ "ሦስት በይው፣ ለሮኒትም እንውሰድላት" አለችኝ። እምቢ አልኩ። ያን ብረት ይዤ ደጇ ብቆም ስድብ ነው የሚሆንባት። "ሁለት ነን" አልኩት።

ሦስት ሰዓት ከሃያ ስድስት ደቂቃ ፈጅቶብናል። ደስ አለዎት ወይ ብትለኝ፣ አዎ፣ ደስ ብሎኛል። ደስ በማለቱም አፍራለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነውብኛል።

ተረከዝህን ለማን አሳየኸው? እምዬን እስከ መቼ ታታልላለህ? እኔን አይተህ ተማር።

አክስትህ ጥሩአለም


ጎንደር፣ መጋቢት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ውድ አክስቴ፣

እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ደረጃውን ወደ ኋላዎ ዞረው ቢወርዱት ይቀልዎታል፣ ሁሉም ሯጭ ያውቀዋል።

ደብዳቤዎን ባነበብኩ ማታ ለእምዬ ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ሰምታኝ "እና ያንን ቱታ ይህን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ነው ሳጥብ የከረምኩት?" አለችኝ። ከዚያ በማግስቱ ራሷ ይዛኝ ሆስፒታል ሄደች። የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዋ ተረከዜን አገላብጣ አየችና ይድናል አለች፤ በየቀኑ የምሠራው እንቅስቃሴ ሰጠችኝ፣ ለሦስት ወር። "እስከ ዛሬ ምን ስትጠብቅ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። አይድንም የሚለውን እንዳልሰማ ነበር የምሸሸው። ክለቡ ይመልሰኝ እንደሆን አላውቅም። ብሎኬቱን ግን አልተውም፣ አሁን በሥራ ልብሴ ነው ከቤት የምወጣው።

ለሮኒት በዕብራይስጥ መጻፍ አልችልም። የምትሰማዎት ቀን ሲመጣ ይህን ያንብቡላት፦ "እኅቴ ሮኒት፣ ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቁጥሮቹ አጠራጥረውኝ ነበር፣ የአንቺንም ስም አይቼ ነበር። ማስቆም ሲገባኝ ጠይቄ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእግርሽ አይደለም።"

አክባሪዎ ምናለ


ሐደራ፣ መጋቢት 26 ቀን 2015 ዓ.ም.

ምናለ ልጄ፣

ሮኒትስ ላልከኝ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። ተቀምጣ የምትሠራው ሥራ ስለሰጧት ከማሽናችን ርቃ ፎጣ ትቆጥራለች። በእርሷ ቦታ ሚሪ የምትባል አዲስ ልጅ መጥታለች። የፋሲካ ዋዜማ ስለሆነ የሆቴሉ አንሶላ እንደ ተራራ ነው፣ እኔና ሚሪ ደግሞ ገና አልተግባባንም፤ እርሷ ቀድማ ትለቃለች፣ አንሶላው ተንጋዶ ይገባል። ሮኒት ከሩቅ ታየናለች።

ትናንት ከሥራ ስንወጣ በአውቶቡስ ውስጥ ሌላ ባዶ ወንበር እያለ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ቦቷን መተላለፊያው ላይ ዘረጋችው።

"ያ ልጅ ምን አለ?" አለችኝ።

ወረቀትህ ከቦርሳዬ ወጥቶ አያውቅም፣ ሮኒትን ሳገኛት ብዬ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት፣ የተረከዝህንና የክለብህንም ነገር ነገርኳት። ገበያው ጋ ስንደርስ "ነገ ቤትሽ እመጣለሁ። ለእርሱ የምትጽፊልኝ አለ። የምልሽን ብቻ ነው የምትጽፊው" አለችኝ። ዛሬ መጣች። አሁን ከጎኔ ተቀምጣለች። ከዚህ በታች ያለው የእርሷ ቃል ነው፣ አንድም አልቀነስኩም።

"ሰላም ምናለ። ሮኒት ነኝ። በመጀመሪያ፣ ይህችን የምትጽፍልህን ሴት ውሸታም በላት። ጻፊው። አንተም ውሸታም ነህ። እርሱንም ጻፊው። ሁለታችሁ ስትፈራሩ የተሰበረው የኔ አጥንት ነው። ይህን ካልኩ ወዲያ ሁለተኛ አላነሣውም።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ቦቱን የሚያወልቁልኝ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ መራመድ፣ ከዚያ ቀስ እያልሽ መሮጥ ትችያለሽ ብሎኛል። 'ቀስ' ማለት ስንት ደቂቃ እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔ ደግሞ ቁጥር ካልተጻፈልኝ አይገባኝም። ስለዚህ በእኔ ልክ ሥራልኝ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ስልሳ ስምንት ኪሎ እመዝናለሁ። አሁን የምሮጠው ዜሮ ኪሎ ሜትር ነው። ዜሮ ብለሽ ጻፊ፣ ጥሩዬ፣ በፊደልም ጻፊው። በመጪው ዓመት ሃያ አንዱን እሮጣለሁ፤ በእጄ የጻፍኩት ስም ነውና ገና አልሰረዝኩትም።

የተረከዝህንም ነገር በየሳምንቱ ጻፍልኝ፣ የሠራኸውንም ያልሠራኸውንም። እኔም እጽፍልሃለሁ።"

ቃሏ እዚህ ላይ አበቃ። ስጨርስ "አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ" አለችኝ። ውሸታም የሚለውንም ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ራሷን ነቀነቀች።

"መልሱ ሲመጣ አንቺ ታነቢልኛለሽ" አለችኝ።

"ኮኮቤም እኮ አማርኛ ማንበብ ትችላለች" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች ሮኒት።

አክስትህ ጥሩአለም